ዘጠና ስድስት ዲግሪ

አውሮፕላኑ አፍንጫውን ማሽላ ውስጥ ቀብሮ፣ ጅራቱን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ቆሟል። ሊያጠፋቸው የመጣባቸው አንበጦች ቢጫ ክንፉ ላይ ተደርድረው ያርፋሉ። ኢንስፔክተር ሳሊሃ ከደሴ እስከ ቢስቲማ ሲያስጨንቃት የመጣውን ጥያቄ ከመኪናው ሳትወርድ ጠየቀች።

«ከሥሩ ሕፃን የለም? አይታችኋል?»

«የለም፣ ኢንስፔክተር» አለ ሳጅን ካሊድ። «የተጎዳው አብራሪው ብቻ ነው። ካፒቴን ምንተስኖት ይባላል። ሁለት እግሩ ተሰብሯል፣ ራሱንም ተመቷል። ደሴ ሆስፒታል አድርሰውታል፤ ግን አልነቃም።»

«በደንብ አይታችኋል ወይ?»

«ሦስቴ።»

ሳሊሃ ግን ራሷ ጎንበስ ብላ አየች። ክፉ ክፉውን ማሰብ ልማዷ ነው። ልጇ ሱሀይላ ከትምህርት ቤት አምስት ደቂቃ ከዘገየች ባጃጅ ገጭቷት፣ ሆስፒታል ገብታ፣ ቀብሯ ሁሉ ሳይቀር ይታያታል። ባልደረቦቿ ይስቁባታል። እሷ ግን ለመርማሪ የሚበጀው ይኸው ነው ትላለች።

አንድ ረጅም ወጣት ከማሽላው መሀል ብቅ አለ። የሁለተኛው የርጭት አውሮፕላን አብራሪ ሙንዚር ነው። አብረው ተነስተው እሱ በሰላም ተመልሷል።

«ይህን ይዩልኝ» አለና የሞተሩን ክዳን ገለጠ። ስድስት ሲሊንደሮች፣ ሦስት በቀኝ ሦስት በግራ ተኝተዋል። «ይህ ሞተር ውሃ የለውም። የሚያቀዘቅዘው ፊት ለፊት በሁለት ቀዳዳ የሚገባ ነፋስ ነው። አምስተኛውን ይመልከቱ።»

አምስተኛው ሲሊንደር አንገቱ ላይ ተሰንጥቋል። ብረቱ እሳት ላይ የተረሳ መጥበሻ መስሏል።

«በአርባ ደቂቃ በረራ እንዲህ አይሆንም። ከመነሳቱ በፊት ተጠብሷል። ጠዋት ጤነኛ ነበር፤ ስለዚህ ሰው ነክቶታል።»

«ማን?»

«እሱን እርስዎ ይወቁት።»

«ሞተሩን የሚነካ ማን ማን ነው? አንተን ጨምረህ ንገረኝ።»

«እኔም ልጠረጠር?»

«አንተን ካልጠረጠርኩማ ምኑን መረመርኩ?»

ሙንዚር ፈገግ ሊል ሞክሮ አልሆነለትም። «ስንነሳ ካፒቴኑ በሬዲዮ ሲቀልድ ነበር። ‹ወንበሬን ወደፊት የገፋው ማነው? ጉልበቴ አገጬን ሊመታው ነው› አለኝ። ሳቅሁ። ሌላ ቃል አልሰማሁም።»

ሳሊሃ ጻፈችው። የማይረባ የሚመስለውንም ሁሉ መጻፍ ልማዷ ነው።

በማግስቱ ቅዳሜ ጠዋት ከካሊድ ጋር ኮምቦልቻ ዳር ወዳለው የርጭት ሜዳ ወረዱ። በሩን የከፈቱላቸው ዘበኛው ጋሽ ሀምዱ ናቸው።

«ጋሽ ሀምዱ፣ ካፒቴኑን ‹አንተም እንደ ንቦቼ ትረግፋለህ› ብለውታል አሉ።»

«ብያለሁ» አሉ ሽማግሌው ሳይደነግጡ። «ወረባቦ ያለኝን ዘጠኝ ቀፎ በመድኃኒታቸው ጨርሰውብኛል። የተናደደ ሰው ምን የማይለው አለ? ካፒቴኑ ግን ማታውኑ መጥቶ ዓውፍ በለኝ አለኝ። ዓውፍ አልኩት።»

«ትናንት የሆነውን ይንገሩኝ።»

«ጠዋት ረጭተው አራት ሰዓት ላይ ተመለሱ። ሞተሮቹ ሲበርዱ፣ ወፍ ጎጆ እንዳትሠራባቸው፣ የሁለቱንም አውሮፕላኖች የነፋስ ቀዳዳ በስፖንጅ ውታፍ ደፈንኩ። ቀይ ጥብጣብ አለው፤ ከሩቅ ይታያል። ስድስት ተኩል ላይ እኔ፣ መካኒኩ ጣሀና ሙንዚር ለጁምዓ ሄድን። የተመለስነው ስምንት ሰዓት ነው።»

«ሜዳውን ለማን ትታችሁ?»

«ለአላህ።»

ካሊድ ሳቁን ዋጠ። ሳሊሃ ግን አልሳቀችም። «ቁልፉስ?»

«አንዱ እኔ ጋ፣ አንዱ ኃላፊው ጋ። ቁልፍ ምን ያደርጋል እንጂ፣ በዚህ አጥር በሬም ይገባል። ካፒቴኑ እንደሆነ ከተማ ውስጥ ማረፊያው ተኝቶ ነበር፤ ኃላፊው ደሴ ወጥተው ነበር።»

ኃላፊው አቶ በላቸው ቢሯቸው ውስጥ ተቀብለዋቸዋል። አጭር፣ ንጹሕ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። ወንበራቸው ላይ የታጠፈ ብርድ ልብስ አንጥፈው ነው የሚቀመጡት። ግድግዳው ላይ በወጣትነታቸው ከአንድ አውሮፕላን አጠገብ የተነሱት ፎቶግራፍ ተሰቅሏል።

«እርስዎም አብራሪ ነበሩ?»

«ነበርኩ። ዓይኔ ደከመና ከሦስት ዓመት በፊት ፈቃዴን ያዙት» አሉ። የበረራ መዝገቡን ከመደርደሪያው ለማውረድ በእግር ጣታቸው ቆመው ሲንጠራሩ ካሊድ እጁን ዘርግቶ አቀበላቸው።

«ዓርብ የት ዋሉ?»

«ደሴ፣ የዓይን ሐኪም ዘንድ። ከምሳ በኋላ ነው ያየኝ። ስመለስ አሥር ሰዓት አልፎ፣ አደጋው ደርሶ ነው የጠበቀኝ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በሰው ላይ ማውራት አልወድም። ጣሀ ጎበዝ ልጅ ነው። ግን ሐሙስ ዕለት ከምንተስኖት ጋር ተጣልተው ነበር። ምንተስኖት በሠራተኛው ፊት ‹ፈሪ› አለው። መቼም ወጣት ነው…»

ከዚያ በኋላ ነገሩ ራሱ የሮጠ መሰለ። ካሊድ የጣሀን የመሣሪያ ሣጥን ሲበረብር፣ ከመፍቻዎቹ ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አገኘ። ቀይ ጥብጣብ ያለው የስፖንጅ ውታፍ ነው። አንዱ ጠርዙ ከስሎ ደርቋል።

ጣሀ ሠላሳ ዓመት አይሞላውም። ጋዜጣው ሲገለጥ እጁን በቱታው መጥረግ ጀመረ፤ እጁ ግን ንጹሕ ነበር።

«ይህ የየትኛው አውሮፕላን ነው?»

«የወደቀው። የቀኝ በኩል።»

«አደጋው ቦታ በፒክአፕ ቀድሞ የደረሰው ማነው?»

«እኔ።»

«ስለዚህ ውታፉ እንዳለ አስበረርከው፤ ሲወድቅ ሮጠህ አወጣኸው።»

«ወላሂ አይደለም! ከመነሳቱ በፊት ነው ያወጣሁት። ያኔም ተለብልቦ ነበር።»

«ያኔ ለምን አልተናገርክም?»

ጣሀ ጋዜጣውን መልሶ ሊጠቀልለው ሞከረ።

«ለምን ደበቅከው?»

«ፈራሁ» አለ።

በካቴና ወደ ደሴ ወሰዱት።

ከሰዓት በኋላ ሳሊሃ ቢሮዋ ደጃፍ ላይ ያገኘቻቸው ሴት፣ የሳህን ቋጠሮ በሁለት እጃቸው አቅፈው የተቀመጡት እማማ ሐዋ፣ የጣሀ እናት ነበሩ።

«አሰላሙ ዐለይኪ፣ ልጄ። አስገቢልኝ። ትኩስ እያለ ይብላ።»

«ፍተሻ ካለፈ ይገባል፣ እማማ።»

«ይገድሉታል?»

«ማን ነው የሚገድለው?»

«ካፒቴኑ ከሞተ ልጄን ይሰቅሉታል አሉ። ገበያው ሁሉ እንዲያ ነው የሚያወራው።»

ሳሊሃ «አብሽሩ፣ አይዞዎት» ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው። ሰኞ ጣሀ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ካፒቴኑ እስከዚያ ከሞተ ክሱ የነፍስ ግድያ ይሆናል። አዛዡ መዝገቡ ሰኞ ጠዋት ተጠናቆ ጠረጴዛቸው ላይ እንዲቀመጥ አዘዋል። ሴትዮዋን ምን ብላ ታጽናናቸው? እሷ ራሷ በሳቸው ቦታ ብትሆን ገመዱ ሳይቀር ይታያት ነበር።

ሙንዚር አንድ ጥቅል ወረቀት ይዞ ገባ።

«ከአውሮፕላኑ የተነቀለው የሙቀት መቆጣጠሪያ ማስታወሻው ደህና ነው» አለ። «በየሲሊንደሩ አንድ አንድ ሽቦ ገብቷል። የስድስቱንም ሙቀት በየስድስት ሰከንዱ ይመዘግባል። ይኸው።»

መጨረሻው ገጽ ላይ አምስተኛው ዓምድ በድንገት ሽቅብ ሄዶ ሁለት መቶ ስድሳ ስምንት ደርሷል። ቀጥሎ ያለው ዜሮ ነው። ሳሊሃ እዚያች ዜሮ ላይ ጣቷን አሳረፈች። ካፒቴኑ ያን ጊዜ ምን አሰበ? ልጆች አሉት?

«ከዚህ በረራ በፊት ያለው የታለ?»

«የለም። ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይጀምራል። ከዚያ በፊት የነበረውን ሰው ደምስሶታል።»

«እንዴት ነው የሚደመሰሰው?»

«ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ ተጭኖ መያዝ ነው። የሚያውቀው ግን አብራሪ ወይም መካኒክ ነው።»

«መካኒክ» አለ ካሊድ፣ ብዕሩን እየከደነ። «አለቀ በሉት።»

ጣሀና ካፒቴኑ ሲጣሉ ያየ ምስክር አለ። የተለበለበ ውታፍ አለ። የተደመሰሰ ማስታወሻ አለ። ኢማሙን ጠይቀው፣ ጋሽ ሀምዱና ሙንዚር ከኹጥባው ስብከት መጀመሪያ እስከ መጨረሻው መስጊድ እንደነበሩ አረጋግጠዋል። ጣሀም አብሯቸው ነበር፤ ግን ከተመለሰ በኋላ አንድ ሰዓት ሙሉ ከአውሮፕላኑ ጋር ብቻውን ቆይቷል። ሳሊሃ ወረቀቶቹን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ሁሉም ነገር እንዲህ ሲገጥምላት አታምነውም።

አመሻሽ ላይ ቤቷ ስትደርስ ሱሀይላ ደብተሯ ላይ አቀርቅራ ነበር። ስልኩ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተደፍቷል።

«ጎበዝ። ስታጠኚ ዋልሽ?»

«ከስምንት ሰዓት ጀምሮ።»

«ስልክ አልነካሽም?»

«ወላሂ አልነካሁም፣ ማሚ። ከፈለግሽ ክፈቺና እዪው፤ ምንም የለበትም።»

ሳሊሃ አልከፈተችውም። መዳፏን ጀርባው ላይ አሳረፈች። እንደ ሕፃን ግንባር ይፋጃል።

«ያየሽውን አጥፍተሽዋል። ይህን ትኩሳት በምን ታጠፊዋለሽ? አሁን፣ እግሬ ደረጃው ላይ ሲሰማሽ ነው ያስቀመጥሽው። በወላሂም አትቀልጂ! ከማን ጋር ነው የምታወሪው? ወንድ ነው? ስንት ዓመቱ ነው?»

«ማሚ! ድራማ ነው ያየሁት!»

«ድራማ ያየ ሰው ለምን ያጠፋል?» አለችና፣ እጇ ስልኩ ላይ እንዳለ ደርቃ ቀረች።

ሱሀይላ ቁጣ ስትጠብቅ እናቷ ቦርሳዋን መሬት ላይ ዘርግፋ ወረቀት ትፈልጋለች። ሁሉም ሰው ያየው መጨረሻውን ገጽ ነው፤ ሞተሩ የሞተበትን። የመጀመሪያውን መስመር ማን አየው?

ዓርብ፣ ዘጠኝ ሰዓት ከሁለት ደቂቃ። ሞተሩ ሊነሳ ሲል። የውጭ አየር ሃያ ዘጠኝ። አንደኛ ሲሊንደር ዘጠና አንድ። ሁለተኛ ዘጠና። አምስተኛ ዘጠና ስድስት።

ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የቆመ ሞተር አምስት ሰዓት ሙሉ ተኝቶ በዘጠና ስድስት ዲግሪ አይነቃም።

ለሙንዚር ደወለች። «ያንተ አውሮፕላን ከዚያኛው ጎን፣ እዚያው ፀሐይ ላይ አልነበር? የዓርብ ከሰዓቱን የመጀመሪያ መስመር አንብብልኝ።»

ወረቀት ሲገላበጥ ተሰማ። «ሠላሳ ሦስት፣ ሠላሳ አራት፣ ሠላሳ አራት…» ድምፁ ተቋረጠ። «ኢንስፔክተር፣ የሱ ስንት ይላል?»

«ዘጠና ስድስት። ምንተስኖት ይህን አያይም ነበር?»

«አብራሪ የሚፈራው ቀዩን ነው። ዘጠና ስድስት አረንጓዴ ላይ ነው፤ ማንም ልብ አይለውም። ያ ረቢ! ሰው አስነስቶት ነበር።»

እሑድ ጠዋት ሜዳው ላይ የሙንዚርን አውሮፕላን ሞተር አስነሱት። ሲግል አጠፉት፤ ጋሽ ሀምዱ ልክ እንደ ዓርቡ ቀዳዳዎቹን በውታፍ ደፈኗቸው። ሳሊሃ በርጩማ አስመጥታ ተቀመጠች፤ ሙንዚር መቆጣጠሪያውን እያየ በየአሥር ደቂቃው ቁጥር ይጠራላታል።

አቶ በላቸው ከቢሯቸው በፍጥነት መጡ። «ይህ ምንድነው? መንጋው ወረባቦን እየጨረሰ እናንተ በሞተር ትጫወታላችሁ? ጥፋተኛው ተይዞ የለም እንዴ?»

«የያዝኩት የተሳሳተ ሰው እንደሆነ ብዬ ነው፣ አቶ በላቸው። እኔ ክፉ አመል አለብኝ፤ ጨርሼ እንኳ አልጨርስም።»

ሰውየው ቆመው ቀሩ። አልሄዱም።

አምስተኛው ሲሊንደር ዘጠና ስድስት ለመድረስ አንድ ሰዓት ከሃያ አምስት ደቂቃ ፈጀበት።

«ያኛው የበለጠ ግሎ ከነበረ ጥቂት ደቂቃ ይጨመርበታል» አለ ሙንዚር። «ሰዓት ግን አይሞላም።»

ሳሊሃ በጣቷ ወደኋላ ቆጠረች። ሰባት ሰዓት ተኩል አካባቢ። መስጊዱ ሞልቶ፣ ሜዳው ባዶ ሆኖ ሳለ። ጣሀ በሁለት ሰዎች መሀል ቆሞ ሲሰግድ።

ያኔ ስልኳ ጮኸ። ካሊድ ከደሴ ነው።

«የዓይን ሐኪሙን ዶክተር አብዱልወሀብን ቤታቸው አገኘኋቸው። ዓርብ ከምሳ በኋላ ክሊኒካቸው አይከፈትም፤ ዓመቱን ሙሉ። አቶ በላቸውን ያዩአቸው ከምሳ በፊት፣ ስድስት ሰዓት ላይ ነው።»

«ምን አሏቸው?»

«‹ከእንግዲህ መብረር አይታሰብም› አሏቸው። ወረቀቱን ፈርመው ሰጥተዋቸዋል።»

ሳሊሃ ስልኩን ዘጋች። ካፒቴኑ ረጅም ነው። ሙንዚር ረጅም ነው። ጣሀም ቁመቱ ከሁለቱ አያንስም። የጻፈችው ማስታወሻ በዓይኗ መጣ።

«አቶ በላቸው» አለች በለሆሳስ፣ «እስቲ አንድ ነገር ያሳዩኝ። አብራሪ ሲገባ ከምን ይጀምራል? እኔ መውጣቱንም አላውቅበት።»

«ሙንዚር ያሳይሽ።»

«ከእርስዎ ብማር ይሻለኛል። ያኛውን ፎቶግራፍ አይቻለሁ።»

የአቶ በላቸው ፊት ላይ የሆነ ነገር ተላወሰ። ክንፉን ረግጠው ወጡና ገቡ። ተቀመጡ። ከዚያ ሳያዩ፣ ሳያስቡም፣ ግራ እጃቸውን ከሥራቸው ሰደዱ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ወንበሩ ሦስት እርከን ወደፊት ሄደ። እግራቸው መርገጫው ላይ ደረሰ።

ሙንዚር እጁን አፉ ላይ ጫነ። «‹ወንበሬን ወደፊት የገፋው ማነው›…»

አቶ በላቸው ከመሪው ላይ እጃቸውን አነሱ። የት እንደሚያስቀምጡት ግን የጠፋቸው ይመስሉ ነበር።

«ሐኪሙ ከነገረኝ በኋላ ቀጥታ ወደዚህ ወረድኩ» አሉ። «ማንም አልነበረም። ልሰማው ብቻ ነበር የፈለግሁት። ካንተ የተወሰደ ነገር ምን እንደሚመስል… ዓይኔን ጨፍኜ ነዳጅ ሰጠሁት። እየወጣሁ መሰለኝ።»

«በግራ በኩል ነው የወጡት» አለች ሳሊሃ። «የግራውን ውታፍ አነሱ።»

«የቀኙን ረሳሁት። ዓይኔም አላየውም።» ሳቅ የመሰለ ድምፅ አወጡ። «ስፖንጁ ሲሸተኝ ቀና ብዬ ሙቀቱን አየሁ። አምስተኛው ከቀዩ ወዲያ አልፏል። አጠፋሁት። ማስታወሻውን ደመሰስኩ፣ ውታፉን መለስኩ፣ ወጣሁ።»

«ከዚያስ?»

«ሰኞ በምርመራ ሰበብ አስፈትሸዋለሁ አልኩ። ዓርብ ከሰዓት መንጋ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም።»

«ስልክ ነበረዎት። ‹አትነሱ› የምትል አንዲት ቃል ትበቃ ነበር።»

«‹ለምን?› ይሉኛላ።»

«ጣሀ ሲታሰርስ? አጠገቤ ሆነው ‹መቼም ወጣት ነው› አሉኝ።»

ጋሽ ሀምዱ ከውጭ ሆነው ሁሉንም ሰምተዋል። «ኹጥባው ላይ እኮ ሞተር ሰምቼ ነበር» አሉ ለራሳቸው። «የወፍጮ ነው ብዬ ተውኩት። አስተግፊሩላህ።»

ሰኞ ጠዋት ካሊድ ከሆስፒታል ደወለ። ካፒቴኑ ዓይኑን ገልጧል፤ ስሙንም ተናግሯል። ሳሊሃ «እግሩስ? ይቆረጣል?» አለች። አይቆረጥም አላት። «እርግጠኛ ነህ?» አለችው።

ጣሀ ቀበቶውንና የጫማ ክሩን ተረክቦ ከፊቷ ቆመ። የተፈታ ሰው አይመስልም።

«አንድ ነገር ልንገርሽ» አለ። «ውታፉን ሳወጣ አሸተትኩት። ትኩስ ነበር፤ የተቃጠለ ይሸት ነበር። አንድ ሰው ሞተሩን እንደነካው ገብቶኛል። ካፒቴኑ ‹ጣሀ፣ ፍጠን፣ መንጋው አለፈ› ብሎ ጮኸ። ሐሙስ ‹ይህ አውሮፕላን ይፈተሽ› ብዬ ነው ፈሪ ያለኝ። ደግሜ ፈሪ መባል አልፈለግሁም። ዝም ብዬ ክዳኑን ዘጋሁ። ይህን የት ነው የምትጽፊው?»

ሳሊሃ ብዕሯን አነሳች፣ አየችውና መልሳ አስቀመጠችው። የምትጽፍበት ቦታ መዝገቡ ውስጥ አልነበረም።

«ለካፒቴኑ ራስህ ንገረው» አለችው። «ነቅቷል።»

በሩ ላይ እማማ ሐዋ ቋጠሯቸውን አቅፈው ቆመዋል። ልጃቸውን ሲያዩ እልል አላሉም፣ አላለቀሱምም። ቋጠሮውን መሬት ላይ አስቀምጠው፣ ተንጠራርተው መዳፋቸውን አንገቱ ላይ አሳረፉ።

«ትኩሳት አለብህ» አሉ።

«ደህና ነኝ፣ እማ።»

«ውሸትህን ነው። ትፋጃለህ።»

ጣሀ ያን ጊዜ ወደ እናቱ ትከሻ ጎንበስ አለና እንደ ሕፃን አለቀሰ። እሳቸው ግን እጃቸውን አላነሱም፤ ሙቀቱ እስኪወርድ የሚጠብቁ ይመስል እዚያው ያዙት።